ከፍሎረንስ ተማሪነት ወደ ካይሮ ስደት፦ ታምራት አማኑኤልና የወረራው ዘመን

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ታምራት አማኑኤል የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተያይዘው ነው። በውጭ አገር የተጻፉት ጥናቶች የዣክ ፋይትሎቪች ደቀ መዝሙርና ረዳት አድርገው ያቀርቧቸዋል፤ በአገር ውስጥ የተጻፉት ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ባዘጋጁት ጽሑፍ ብቻ ያስታውሷቸዋል። በሁለቱም ዘንድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው የፋሺስት ወረራ ዘመን በሕይወታቸው መካከል እንደ ገባ አጭር ዕረፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ አመለካከት ከዚህ የተለየ ነው። ታምራት በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ውስጥ ፊደል የቆጠሩ፣ በኢጣልያ ከተማ ለሊቅነት የበቁ፣ በመጨረሻም ኢጣልያ ከያዘችው ዋና ከተማ የሸሹ ሰው ናቸው። በተማረ ኢትዮጵያዊነታቸውም በአይሁዳዊነታቸውም ሊጠፉ ይችሉ ነበር። የሥራቸው ፍሬ ከወረራው በፊትና በኋላ ለምን የተለያየ መልክ እንደ ያዘ የሚገባን ይህን ዘመን በሚገባ ስንመለከተው ነው።

ታምራት በ1880 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ። ዘመኑ ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት መሐዲስቶች ደምቢያን ወርረው ጎንደርን አቃጠሉ፤ ወዲያው ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው የከብት እልቂትና ረኀብ ተከተለ። በእርሻ፣ በሸክላ ሥራና በአንጥረኛነት ይኖር የነበረው፣ በብዙ ስፍራ ርስት የተነፈገውና ቡዳ እየተባለ የሚፈራው የቤተ እስራኤል ሕዝብ በእነዚህ ዓመታት ከሌላው ይልቅ ተጎዳ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአካባቢው የሠሩት የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ከዚህ ማኅበረ ሰብ ያስጠመቋቸው ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ የታምራትም ቤተ ሰብ ከእነዚህ ወገን ነው። ልጁ የተማሩት ወደ ሰሜን ርቀው፣ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ ቅኝ ግዛት በሆነችው ኤርትራ፣ አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ስለዚህ ገና በልጅነታቸው ከሦስት ዓለም ጋር ተዋውቀዋል፦ ከአባቶቻቸው የኦሪት ሥርዓት፣ ከሉተራውያን ትምህርትና ከቅኝ ገዢው ቋንቋ።

እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 የሎጅ ከተማ ተወላጅ የሆነው ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ዣክ ፋይትሎቪች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ። ፋይትሎቪች በፓሪስ የዮሴፍ ሃሌቪ ተማሪ ነበር፤ ሃሌቪም እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች የዘለቀ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አይሁዳዊ ሊቅ ነው። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ምርምር ወደ ተግባር ለመለወጥ ፈለገ። ዕቅዱ ከማኅበረ ሰቡ ወጣቶችን መርጦ በአውሮፓ ማስተማርና መልሶ የወገኖቻቸው አስተማሪዎች ማድረግ ነበር። ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ፤ አንደኛው ጌቴ ኤርምያስ፣ ሁለተኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ።

ታምራት አስቀድመው በፓሪስ በኦቴይ በነበረው የአሊያንስ የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ ቀጥሎም ወደ ፍሎረንስ ተሻገሩ። በፍሎረንስ ከጋሊሲያ የመጣው ረቢ ሳሙኤል ሂርሽ ማርጉሊየስ ይመራው የነበረው የኢጣልያ ረቢዎች ኮሌጅ በዚያ ዘመን ለኢጣልያ አይሁድ የመንፈስ መታደስ ማዕከል ነበር። ታምራት በዚህ ተቋም ዕብራይስጥን፣ መጽሐፍ ቅዱስንና የአይሁድን ትውፊት ተማሩ፤ ቆይተውም አስተማሪ ሆኑ። በኢጣልያ የኖሩበት ዘመን ከዐሥር ዓመት ይበልጣል። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምክንያቱም በኋላ ጠላት ሆና የመጣችው ኢጣልያ ለእርሳቸው የማይታወቅ የባዕድ ኃይል አልነበረችም። የመምህራቸው ቤት፣ የወዳጆቻቸው አገር፣ የሚጽፉበት ቋንቋ ባለቤት ነበረች።

የፋይትሎቪች ውጥን በአይሁድ ድርጅቶች ዘንድ ያለ ተቃውሞ አልሄደም። የፓሪሱ አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሐይም ናሁምን መልእክተኛ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ናሁምም በመንደሮቹ ትምህርት ቤት መክፈት እንደማይጠቅም የሚያመለክት ተስፋ አስቆራጭ ዘገባ ይዞ ተመለሰ። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ጠብ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ሕዝብ ልጆች መማር ወይም አለመማር በሩቅ ጽሕፈት ቤት በቀረበ ወረቀት ይወሰን ነበር። የናሁም ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በታምራት ሕይወት ዙሪያ እንደገና ብቅ ይላል።

ታምራት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ ታምራት ዲሬክተር ሆኑ። ዘመኑ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመናዊ ትምህርትን የሚያስፋፉበት ጊዜ በመሆኑ ከቤተ መንግሥት በኩል መልካም ፊት አላጡም። ትምህርት ቤቱ ከጎንደር፣ ከሰሜንና ከትግራይ መንደሮች በእግር የሚመጡ ልጆችን ተቀብሎ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና የአውሮፓ ቋንቋ ያስተምር ነበር። ከዚያም የተመረጡት ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ስዊስ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ይላኩ ነበር። በጠቅላላው ወደ 25 የሚጠጉ ወጣቶች በዚህ መንገድ ውጭ አገር ተምረዋል። ከእነዚህ መካከል በፍራንክፈርት፣ በስዊስና በፓሪስ የተማሩት ዮና ቦጋለ፣ እንዲሁም በኋላ በገንዘብ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም የሆኑት ታደሰ ያዕቆብ ይገኛሉ። በሕመም ሳቢያ በለጋነታቸው የተቀጠፉም አሉ፤ የፕሮግራሙ ታሪክ ሲጻፍ የእነዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ዲሬክተሩ ከአለቃቸው ጋር ሁልጊዜ አልተስማሙም። ከተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እንደሚታየው አንዱ የቅሬታ ምንጭ ገንዘብ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ወጪ የሚሸፈነው በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚለመን ገንዘብ ስለ ነበረ ርዳታው ይዘገያል፣ ያንሳል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ታምራት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1931 ከፋይትሎቪች ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው ነበር፤ ነገር ግን ወቅቱ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የአሜሪካን ለጋሾች ኪስ ያራቆተበት ነበር። ከገንዘብ ይልቅ የከበደው የአስተሳሰብ ልዩነት ይመስላል። ፋይትሎቪች የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ወደ አውሮፓ አይሁድ ሥርዓት ማቅረብ ይፈልግ ነበር፤ መሥዋዕቱን፣ ምንኵስናውንና ጥብቁን የመንጻት ሕግ እንዲተዉ ይመክር ነበር። ኦሪትን በግዕዝ ከሚያነቡ ቄሶችና መነኮሳት ወገን የወጡት ታምራት ግን ሕዝባቸውን በሁለት በኩል ይመለከቱ ነበር፦ አይሁድነቱን ከዓለም አይሁድ ጋር፣ ኢትዮጵያዊነቱን ከሌላው ኢትዮጵያዊ ጋር ማያያዝ ይሹ ነበር። ይህን አቋም የመካከለኛ ሰው ድክመት አድርገው የሚያዩ አሉ። ፍርዱ ትክክል አይመስልም፤ ሁለቱን ወገን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በዚያን ጊዜ ከእርሳቸው በቀር እጅግ ጥቂት ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ አመሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽ በኩል ስምጥ ሸለቆን አቋርጦ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ይህ መስመር የአንድ መንግሥት መውጫ ሆነ። ከተማዪቱ ለሦስት ቀን ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ። ከዚያ በኋላ ያው መስመር በጠላት ወታደር የሚጠበቅ፣ በአርበኞች የሚጠቃ የጦር መንገድ ሆነ፤ የአዳማና የአዋሽ ጣቢያዎችም የመንገደኛ ማረፊያ ከመሆን አልፈው የወታደርና የስንቅ ማራገፊያ ሆኑ። በአዲስ አበባ የነበረው የታምራት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዐሥራ ሦስት ዓመት የተደከመበት ተቋም ተማሪዎቹ ተበትነው፣ አስተማሪዎቹ ያለ ደሞዝ ቀሩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የታምራት ሁኔታ እንግዳ ነበር። ኢጣልያ የቤተ እስራኤልን ጉዳይ ለራሷ ፖለቲካ ልትጠቀምበት እንደምትችል አስባ ነበር፤ የኢጣልያ አይሁድ ማኅበራት ኅብረትም በበኩሉ በአዲሱ ግዛት ያሉትን አይሁድ ለማደራጀት የፍሎረንሱን ጠበቃ ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦን እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ቪቴርቦ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የነበሩትን የየመንና የዓደን አይሁድ ነጋዴዎች፣ በጎንደር በኩልም የቤተ እስራኤልን መንደሮች ጎበኘ፤ ከታምራትም ጋር ተገናኘ። ሁለቱም የማርጉሊየስን ፍሎረንስ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱ የወራሪው አገር ዜጋ፣ ሌላው የተወረረው፤ በእምነት ግን ወንድማማች። እዚህ ላይ የታሪኩ አስቸጋሪ ነጥብ አለ፦ ከኢጣልያ አይሁድ የተዘረጋው እጅ እውነተኛ ወንድማዊ ቢሆንም በቅኝ አገዛዙ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ እጅ ነበር። ታምራት እንደ ሌሎቹ ኢጣልያንኛ ዐዋቂ ምሁራን ለአገዛዙ ለማገልገል መንገዱ አልተዘጋባቸውም ነበር። በኢጣልያ የኖሩትና በናፖሊ ያስተማሩት ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዚያው መንገድ ሄደው አፈ ቄሳር የሚል ማዕረግ ተቀብለዋል። ታምራት አልሄዱበትም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የተካሄደው ጭፍጨፋ ምን ያህል ሰው እንደ ፈጀ አሁንም ያከራክራል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል አስታውቋል፣ ከቅርብ ዓመታት ጥናቶች አንዱ ወደ 19,000 ይጠጋል ይላል። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቀጥሎ የመጣው ነው። አብርሃ በኢጣልያኖች ዘንድ በአስተርጓሚነት የሠራ ሰው ስለ ነበረ፣ ፈረንጅኛ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተረሸኑ፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። መኳንንቱና ቤተ ሰቦቻቸው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ብዙዎች በሶማሊያ በዳናኔ እስር ቤት በረኀብና በወባ አለቁ። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። በዚህ መዝገብ ላይ በፓሪስና በፍሎረንስ የተማረ፣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበረ፣ በቤተ መንግሥት የታወቀ ሰው ስም ለመጨመር ብዙ ምክንያት አያስፈልግም ነበር።

ታምራት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከኢትዮጵያ ወጥተው ግብፅ ገቡ። ስደቱ ከሞት አዳናቸው፤ ከሌላም ነገር ጠብቋቸዋል። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኢጣልያ በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 የዘር መግለጫው ታተመ፤ በኅዳር ወር የወጣው ድንጋጌ አይሁድን ከትምህርት ቤት፣ ከመንግሥት ሥራና ከጦር ሠራዊት አባረረ። በቅኝ ግዛቱ ደግሞ ጥቁርና ነጭ እንዳይቀላቀሉ የሚከለክለው ሕግ አስቀድሞ በ1937 ወጥቶ ነበር። አንድ ቤተ እስራኤላዊ ምሁር በሁለቱ ሕጎች መካከል ቢገኝ ከሁለቱም አያመልጥም ነበር። ቪቴርቦ ራሱ ኢጣልያ ጦርነት በገባችበት በ1940 ተይዞ በማጎሪያ ታሰረ። የታምራት መምህር ኮሌጅ የነበረባት ፍሎረንስም በጀርመን ከተያዘች በኋላ ረቢዋ ናታን ካሱቶ በኅዳር 1943 ተይዞ ወደ አውሽዊትዝ ተላከ፤ ከዚያም አልተመለሰም። በ1932 ከፈረንሳዩ የምርምር ጓድ ጋር ጎንደር መጥታ ቤተ እስራኤልን ያጠናችው ፖላንዳዊት አይሁዳዊት ዲቦራ ሊፍሺትዝም በ1942 በዚያው ካምፕ ሞተች።

በዚህ መካከል አንድ ምጸት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 1939 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከጀርመን የሚሸሹ አይሁድ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና በአጎራባች ደጋ ምድር ቢሰፍሩ እንዴት ይሆናል የሚል ሐሳብ ለሙሶሊኒ አቀረበ፤ የኢጣልያ ባለ ሥልጣኖችም ከዚያ አስቀድሞ የቦረናን ምድር በዚህ ዓይን አይተውት ነበር። ሙሶሊኒ ሐሳቡን አልተቀበለም። የአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያን የአይሁድ መጠለያ ለማድረግ ሲመክሩ፣ ኢትዮጵያዊው አይሁዳዊ ምሁር ከኢትዮጵያ ተሰድዶ ነበር፤ የደቡቡ ምድር ባለቤቶችም አሳባቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።

በካይሮ የአይሁድ ማኅበረ ሰብ ዋና ረቢ ያን ጊዜ ሐይም ናሁም ነበር፤ በ1908 የጻፈው ዘገባ የታምራትን ወገኖች ትምህርት ቤት ያሳጣ ሰው አሁን ስደተኛው በገቡበት አገር የማኅበሩ አለቃ ሆኖ ተገኘ። ግብፅ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከኢየሩሳሌም፣ ከሱዳን፣ ከኬንያና ከጅቡቲ ጋር አንዷ መሰባሰቢያ ነበረች፤ እቴጌ መነንና በርካታ መኳንንት ደግሞ በኢየሩሳሌም ነበሩ። የስደተኛ ኑሮ የታወቀ ነው፦ የሚለመን ርዳታ፣ የሚጠበቅ ደብዳቤ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ። መስከረም 1940 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ግራዚያኒ፣ አሁን የሊቢያ ጦር አዛዥ ሆኖ፣ ድንበር ተሻግሮ እስከ ሲዲ ባራኒ ገብቶ ግብፅን ወረረ። የአዲስ አበባው ፈጂ ታምራት የተሸሸጉባትን አገር ደጃፍ አንኳኳ ማለት ነው። በሚቀጥሉት ወራት ጦሩ ተደመሰሰ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ በደቡብ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር በአዋሽና በአዳማ አድርጎ በመጋቢት መጨረሻ አዲስ አበባን ያዘ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ፤ ታምራትም በዚያው ዓመት ከስደት ወደ አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ኀምሳ አልፎ ነበር። ያገኟት አዲስ አበባ የተዋቸው አልነበረችም፤ የሚያውቁት የምሁራን ትውልድ ገሚሱ በመቃብር ነበር። የራሳቸው ትምህርት ቤት በቀድሞ መልኩ ዳግመኛ አልቆመም። ገንዘብ ይልኩ የነበሩት የአውሮፓ አይሁድ ማኅበራት ራሳቸው እየጠፉ ነበር፤ የፋይትሎቪች የትውልድ ከተማ ሎጅ አይሁዶቿ በአጥርና በሽቦ ታጥረው የሚራቡባት ሆና ነበር።

ታምራት በትምህርት ሚኒስቴር ማገልገል ጀመሩ። በ1936 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የተሰኘው ሥራቸው በዚህ ወቅት የተዘጋጀ ነው። በመኪና የተተየበ ጽሑፍ ሆኖ ለብዙ ዘመን የኖረ ሲሆን፣ በአማርኛ የጻፉ ደራስያንንና መጻሕፍታቸውን እየዘረዘረ ይመዝናል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሒስን ታሪክ የሚያጠኑ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ትውልድ የሚያጠኑ የታሪክ ምሁራንም ይጠቅሱታል። ይህን ሥራ በተጻፈበት ጊዜ ማንበብ ተገቢ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ጸሐፊዎች በመጻፋቸውና በማንበባቸው ብቻ ይገደሉ ነበር። ከስደት የተመለሰው መምህር የመጀመሪያ ታላቅ ሥራው የጸሐፊዎችን ስም መመዝገብ ሆነ። እስከ 1928 ዓ.ም. ድካማቸው ለአንድ ማኅበረ ሰብ ልጆች ነበር፤ አሁን ግን የአገሪቱን ሁሉ መጽሐፍ አንድ ላይ ሰበሰቡ። በሁለቱ መካከል ተቃርኖ ያለ አይመስልም።

በእነዚሁ ዓመታት አይሁድን በሐረር ለማስፈር በውጭ አገር የቀረበ ሌላ ዕቅድ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አልተቀበለውም። የቤተ እስራኤል ጉዳይ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ዮና ቦጋለ እጅ ተላለፈ፤ እርሳቸውም ከኮሚኒስቱ ሥርዓት መምጣት በኋላም ሳይቀር የማኅበረ ሰቡ ቃል አቀባይ ሆነው ቆዩ። የታምራት ትልቁ ትውርስ ሕንጻ ሳይሆን እንዲህ ያሉ ሰዎች መሆናቸው በዚህ ይታያል።

እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታምራት በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን አገለገሉ፤ በወጣትነታቸው በኦቴይ በተማሩባት ከተማ በመንግሥት ሹምነት ኖሩ። የመጨረሻ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም አሳለፉ። ፋይትሎቪች በ1955 በቴል አቪቭ ሲሞት፣ የሰበሰባቸው መጻሕፍትና ወረቀቶች በዚያው ከተማ ቀሩ። ታምራት አማኑኤል እ.ኤ.አ. በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በኢጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በተመራማሪዋ ኤማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ ተሰብስበው በ2000 በቶሪኖ ታትመዋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ገና አልተተረጎሙም።